ኤስ-ኪንግ ይዞ መጣል፦ ሦስት ስሌት፣ ሦስት መልስ

ጥያቄው ከኮዬ ፈጬ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም መምህር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ፖከር የምንጫወት ልጆች ነን። ለበዓል 20 ሆነን እያንዳንዳችን 500 ብር አዋጥተን ቶርናመንት አደረግን። ለአንደኛ 5,000፣ ለሁለተኛ 3,000፣ ለሦስተኛ 2,000 ብር። አራተኛ የወጣ ባዶ እጁን ይሄዳል። አራት ሰው ቀረን። ብላይንዱ (ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰው በግድ የሚያስገባው ቺፕ፤ ትንሹ ስሞል፣ ትልቁ ቢግ ይባላል) 200 እና 400 ነበር። እኔ ቢግ ብላይንድ ላይ ነኝ፣ ብላይንዱን ጨምሮ 6,000 ቺፕ አለኝ። ባለ 4,000ው እና ባለ 2,000ው ካርታቸውን ጣሉ። ባለ 2,000ው ከእኔ በስተግራ ነው የተቀመጠው። ስሞል ብላይንድ ላይ ያለው ልጅ 8,000 ነበረው፤ ኦል-ኢን አለ፣ ማለትም ያለውን ቺፕ በሙሉ አስገባ። ካርታዬን ሳይ ኤስ እና ኪንግ ነው፣ ቀለማቸው አይገጥምም። ብዙ አስቤ ጣልኩት። ቤቱ በሳቅ ሞተ። እስከ ዛሬ ‹ኤስ-ኪንግ› እያሉ ነው የሚጠሩኝ። በኋላ ስልኬ ላይ ሞከርኩት። አንዱ አፕ ግባ ይላል፣ ሌላው ጣል ይላል፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩት የናሽ ሰንጠረዥ (በየትኛው ካርታ ግባ፣ በየትኛው ጣል የሚል ዝርዝር) ደግሞ ግባ ይላል። ሒሳብ ከሆነ መልሱ አንድ መሆን አልነበረበትም? የትኛውን ልመን? ቢያስረዱኝ።»

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ልክ ጥለሃል። ለጥቂት ሳይሆን በሰፊው ልክ ነህ። ጓደኞችህም ግን ዝም ብለው አልሳቁም። እነሱ በልባቸው የሠሩት ሒሳብ ራሱን የቻለ ልክ ሒሳብ ነው፤ የሌላ ጥያቄ መልስ ሆነባቸው እንጂ።

እኔ የማስተምረው ስታቲስቲክስ ነው። ፖከር የምጫወተው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ካሉ ጎረቤቶቼ ጋር ነው፣ እሱም በቢራ ቆርኪ። ስልክህ ላይ ያሉት ሁለቱ አፖችም ሰንጠረዡም አልተሳሳቱም። ሦስቱም የተጠየቁትን መልሰዋል። የተለያየ ነገር እንደጠየቅካቸው ሳታውቅ ቀርተህ ነው።

«ግባ» ካለህ አፕ እንጀምር። እሱ የሚቆጥረው ቺፕ ብቻ ነው። ለመግባት 5,600 መጨመር አለብህ፤ 400ው በብላይንድ ቀድሞ ገብቷል። ካሸነፍክ መሀል ላይ ያለው 12,000 ያንተ ይሆናል። 5,600ን ለ12,000 አካፍል፣ 46.7 በመቶ ይመጣል። የማሸነፍ ዕድልህ ከዚያ በላይ ከሆነ ግባ ማለት ነው። ቀለሙ ያልገጠመ ኤስ-ኪንግ በዘፈቀደ በታደለ ማንኛውም ሁለት ካርታ ላይ 65 በመቶ ያህል ያሸንፋል። 65 ከ46.7 በጣም ይበልጣል። በአማካይ 2,200 ቺፕ ያህል ታተርፋለህ። ቤቱ የሳቀው ይህችን ስሌት ይዞ ነው።

ችግሩ፣ በቺፕ ባጃጅ እንኳ አትሳፈርም። ቤትህ ይዘህ የምትገባው ብር ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ቺፕ አገኛለሁ?» ሳይሆን «ይሄ ሁሉ ቺፕ ስንት ብር ያወጣል?» ነው። ሁለተኛው አፕህ የሚሠራው ይህንን ነው። አይሲኤም (ኢንዲፔንደንት ቺፕ ሞዴል) ይባላል።

አይሲኤም ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ ነገሩ የዕቁብ ዕጣ ነው። የእኛን የቆርኪ ፖከር ተጠቅሜ ላሳይህ። አንድ ቆርኪ 1,000 ቺፕ ይሁን። የእናንተ ጠረጴዛ ላይ ያለው በጠቅላላ 20,000 ነው፤ 20 ቆርኪ። እያንዳንዱ ቆርኪ ላይ የባለቤቱን ስም ጻፍና ጥቁር ፌስታል ውስጥ ጨምር። አንዱን አውጣ። ስሙ የተጻፈበት ሰው አንደኛ ወጣ። የዚያን ሰው ቆርኪ በሙሉ ከፌስታሉ ለቅመህ አስወግድ። ከቀረው እንደገና አውጣ፤ ሁለተኛው ታወቀ። እንደገና፤ ሦስተኛው ታወቀ። አለቀ። ብዙ ዕጣ ያለው ቀድሞ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ግን አንዴ ከደረሰው ደርሶታል።

ሐሳቡ የመጣው ከፈረስ እሽቅድምድም ነው። ዴቪድ ሃርቪል የተባለ የስታቲስቲክስ ሰው በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እያንዳንዱ ፈረስ አንደኛ የመውጣት ዕድሉ ከታወቀ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የመውጣቱን ዕድል እንዴት እናገኛለን ብሎ ጠየቀ። መልሱ ከላይ ያየኸው ነው፤ አሸናፊውን አውጥተህ የቀሩትን እንደ አዲስ ማወዳደር። በ1980ዎቹ ሜሰን ማልሙት ይህንኑ ወደ ፖከር አመጣው፤ በፈረሱ ዕድል ፋንታ የተጫዋቹ የቺፕ ድርሻ ገባ። ለዚህ ነው አንዳንድ ሶፍትዌር ላይ «ማልሙት-ሃርቪል» ተብሎ የምታየው። ያው አይሲኤም ነው።

አሁን ያንተን እጅ እናስላው። ወረቀት ያዝ፣ አይከብድም።

ገብተህ አሸነፍክ እንበል። አንተ 12,000፣ ኦል-ኢን ያለው ልጅ 2,000፣ የቀሩት 4,000 እና 2,000። ፌስታሉ ውስጥ ካሉት 20 ቆርኪዎች 12ቱ ያንተ ናቸው። አንደኛ የመውጣት ዕድልህ 60 በመቶ ነው። ሁለተኛ ለመውጣትስ? ማን አንደኛ ወጣ እያልክ ተራ በተራ ትሄዳለህ። ባለ 4,000ው አንደኛ የሚወጣበት ዕድል 0.2 ነው። የእሱን አራት ቆርኪ ስታወጣ 16 ይቀራል፤ ከ16ቱ 12ቱ ያንተ፣ ማለትም 0.75። 0.2 ሲባዛ በ0.75፣ 0.15። ከባለ 2,000ዎቹ አንዱ አንደኛ የሚወጣበት ዕድል 0.1 ነው፤ 18 ይቀራል፣ 12ቱ ያንተ፤ ሲባዛ 0.067 ገደማ። ሌላው ባለ 2,000ም ያው 0.067። ሦስቱን ስትደምር 28.3 በመቶ። በዚሁ መንገድ ሦስተኛ የመውጣት ዕድልህ 9.8 በመቶ ይሆናል። አራተኛ ወጥተህ ባዶ እጅህን የምትቀርበት 1.9 በመቶ ብቻ ነው። እነዚህን በ5,000፣ በ3,000 እና በ2,000 አባዝተህ ስትደምር 4,045 ብር ይመጣል። 12,000 ቺፕ ያወጣው ዋጋ ይህ ነው።

ጥለህ ቢሆንስ? አንተ 5,600፣ ልጁ 8,400፣ የቀሩት እንዳሉ ናቸው። ተመሳሳዩን ስሌት ስትሠራ አንደኛ 28 በመቶ፣ ሁለተኛ 30.4፣ ሦስተኛ 27.2 ይወጣል። በብር 2,856።

እዚህ ላይ ቆም በል። ቺፕህ ከ5,600 ወደ 12,000 ሲያድግ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብሩ ግን ከ2,856 ወደ 4,045 ብቻ ነው ያደገው፤ እጥፍ አጠገብም አልደረሰም። ከተሸነፍክ ደግሞ አራተኛ ነህ፤ ዜሮ። ማለትም 1,189 ብር ለማግኘት 2,856 ብር ታስይዛለህ። 2,856ን ለ4,045 ስታካፍል 70.6 በመቶ ይመጣል። ለመግባት የሚያስፈልግህ የማሸነፍ ዕድል ይህ ነው። ኤስ-ኪንግ 65 ነው ያለው። አልደረሰም። ብትገባ በአማካይ 215 ብር ትከስር ነበር፤ 2,200 ቺፕ እያተረፍክ ማለት ነው። እኔ ተማሪዎቼ ፊት ይህንን ስጽፍ ሁሌም የሆነ ሰው እጁን ያወጣል።

«ልጁ ግን ምን እንደያዘ አናውቅም እኮ» ትለኝ ይሆናል። እኔ የወሰድኩት ለአንተ በጣም የሚመቸውን ግምት ነው ማለት ይቻላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ በማንኛውም ሁለት ካርታ ኦል-ኢን ይላል ብዬ ነው። ሰውየው ከዚህ ቆጠብ ካለና ደህና ደህና ካርታ ብቻ ይዞ ከመጣ ያንተ 65 ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ቀለሙ የገጠመ ኤስ-ኪንግ እንኳ 67 ነው፣ አይበቃም። ጥንድ ስምንት 69 ነው፣ ለጥቂት ያንሳል። ጥንድ ዘጠኝ 72 ነው፣ እሱ ይገባል። ስለዚህ እዚያ ወንበር ላይ የምትገባባቸው ካርታዎች ከጥንድ ዘጠኝ እስከ ጥንድ ኤስ ያሉት ብቻ ናቸው። ከ1,326 የሁለት ካርታ ጥምረት 36 ብቻ። ከመቶ ሦስት አይሞላም።

እንግዲህ ጉዳዩን ከልጁ ወንበር ሆነህ እየው። አንተ ከመቶ 97 ጊዜ እንደምትጥል ካወቀ ምን ያደርጋል? በማንኛውም ነገር ኦል-ኢን ይላል። አስልቼዋለሁ። አንተ ስትጥል እሱ ካርታውን ከመጣል ይልቅ 113 ብር ያህል ያተርፋል። ገብተህ ከበላኸው 1,656 ብር ያህል ይጎዳል፣ ካሸነፈህ 1,030 ብር ያህል ያገኛል። የምትገባው ግን በጥንድ ዘጠኝና ከዚያ በላይ ብቻ ከሆነ፣ ከሁሉ ደካማ የሚባለውን ሰባት እና ሁለት ይዞም እንኳ ሒሳቡ ያዋጣዋል። ምናልባት የዚያን ዕለት የያዘው እሱን ነበር። አትጠይቀው።

ናሽ የሚባለው ነገር ይህ ነው። አንዱ የሚያደርገው ለሌላው ከሁሉ የተሻለ ምላሽ ሲሆን፣ ሌላውም እንዲሁ፣ ማንም ብቻውን ቀይሮ የማያተርፍበት ቦታ። እሱ በማንኛውም ካርታ ኦል-ኢን ይላል፣ አንተ በጥንድ ዘጠኝና በላይ ትገባለህ፤ የዚያ ወንበር ሚዛን ይህ ነው። «ታዲያ ያወረድኩት የናሽ ሰንጠረዥ ለምን ግባ አለኝ?» የምትለውም እዚህ ላይ ይፈታል። ናሽ ራሱን የቻለ የዋጋ ስሌት አይደለም። ምን እንደሚቆጠር ሌላ ሰው ይነግረዋል። ቺፕ ቁጠር ካልከው የቺፕ ሚዛን ይሰጥሃል፣ ብር ቁጠር ካልከው የብር። በነፃ የሚወርዱት ሰንጠረዦች አብዛኞቹ የተሠሩት ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ነው። ሁለት ሰው ሲቀር የሁለተኛው ሽልማት የማይቀር ስለሆነ ትግሉ ለተረፈው ልዩነት ብቻ ነው፤ ያኔ ቺፕና ብር አብረው ይሄዳሉ። አራት ሰው ቀርቶ አንዱ ባዶ እጁን በሚወጣበት ሰዓት ያንን ሰንጠረዥ መክፈት የሌላ ከተማ የታክሲ ታሪፍ እንደማንበብ ነው።

የሁለት ሰው ሰንጠረዥ ለቦታው ግን ጎበዝ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሚልተርሰን እና ሶረንሰን ጠቅላላው ቺፕ 8,000፣ ብላይንዱ 300 እና 600 በሆነ የሁለት ሰው ፍልሚያ ላይ «ወይ ኦል-ኢን ወይ ጣል» ብቻ ብሎ መጫወት ከምርጡ አጨዋወት በጣም ትንሽ እንደሚያንስ በኮምፒውተር አሳይተዋል። በቀጣዩ ዓመት ጋንዝፍሪድ እና ሳንድሆልም ወደ ሦስት ሰው አስፋፉት። ሁለት ሰው ሲቀር፣ ብላይንዱም ሲከብድ፣ ሰንጠረዡን ያለ ሐሳብ ተጠቀምበት።

ስክላንስኪ-ቹቡኮቭ የሚባል ቁጥርም አይተህ ይሆናል። እሱ ስሞል ብላይንድ ላይ ሆኖ ኦል-ኢን ለሚል ሰው ነው። ካርታህን ገልጠህ ብታሳየውና ተቃዋሚህ ያለ ስህተት ቢጫወት እንኳ ኦል-ኢን ማለት ከመጣል የሚሻለው እስከ ስንት ቺፕ ነው ይላል። ብላይንዱ 1 እና 2 ሲሆን ለማይገጥም ኤስ-ኪንግ 331 አካባቢ ነው። ቺፕ ብቻ ስለሚቆጥር፣ የሚገባውን ሰውም ስለማይመለከት፣ ላንተ ጥያቄ አይረዳም።

ወደ እጅህ ልመለስና አንድ ነገር ላክል፤ እኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ኤስ-ኪንግህን ይዘህ ብትገባ ኖሮ፣ ከመጣልህ ጋር ሲነጻጸር፣ አንተ በአማካይ 215 ብር፣ ልጁ ደግሞ 837 ብር ያህል ትከስሩ ነበር። ሁለታችሁም። ታዲያ ብሩ የት ገባ? ካርታቸውን ጥለው ኦቾሎኒ እየበሉ ለሚያዩት ለባለ 4,000ው እና ለባለ 2,000ው። ምንም ሳያደርጉ 1,050 ብር ያህል ይካፈላሉ፤ ምክንያቱም እናንተ ስትጋጩ የሆነ ሰው ሊወድቅ ነው፣ ሲወድቅ እነሱ ሽልማት ውስጥ ገቡ። የሳቁብህ ሁለቱ እነሱ ከሆኑ መሳቃቸው ከንዴት ነው።

አሁን አይሲኤምን ራሱን እንመርምረው፤ እሱም ቅዱስ መጽሐፍ አይደለም። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ቆርኪ ብላይንድ አይከፍልም። ማን ከማን ቀጥሎ እንደተቀመጠ አያውቅም። ማን ጎበዝ፣ ማን ሞኝ እንደሆነም አያውቅም።

ፕሮባቢሊቲ የሚያውቁ ሰዎች የሚያነሱት ሌላ ትችት አለ። ፐርሲ ዲያኮኒስ እና ስቲዋርት ኢቲየር አይሲኤምን ከድሮው «የቁማርተኛ ውድቀት» ጥያቄ ጋር አወዳድረውታል። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ሦስት ሰው አለ፣ በየዙሩ ሁለቱ በዕጣ ይመረጣሉ፣ ሳንቲም ይጣላል፣ አንድ ቺፕ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ቺፑ ያለቀበት ይወጣል። አይሲኤም እዚህ ላይ የመውጫውን ቅደም ተከተል በበቂ ሁኔታ አይተነብይም። በተለይ ጠርዝ ላይ። ሁለቱ አንድ አንድ ቺፕ ኖሯቸው ሦስተኛው የቀረውን በሙሉ ቢይዝ፣ ባለ ሀብቱ ቀድሞ የመውደቁ ዕድል ምን ያህል ነው? ጠቅላላው ቺፕ 10 እጥፍ ሲያድግ አይሲኤም ዕድሉን 100 እጥፍ ያህል ያሳንሰዋል። የሳንቲሙ ጨዋታ ግን 1,000 እጥፍ ነው የሚያሳንሰው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አይሲኤም ለትልቁ ያለው ፍርሃት ከልክ በላይ ነው ማለት ነው።

እኔ ግን ይህ ትችት ለፖከር ጠረጴዛ ግማሹን ብቻ ነው የሚመለከተው ባይ ነኝ። በሳንቲሙ ጨዋታ ቺፕ አንድ አንድ እያለ ነው የሚንቀሳቀሰው። በፖከር መጨረሻ ላይ ቺፕ በአንድ እጅ እጥፍ ይሆናል ወይም ይጠፋል። የእናንተ ድርሻም 8፣ 6፣ 4 እና 2 ስለሆነ ጠርዝ ላይ አይደለም። ሁለት ሰው ብቻ ሲቀርና ችሎታቸው እኩል ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ሞዴሎች አንድ ናቸው፤ የማሸነፍ ዕድልህ የቺፕ ድርሻህ ነው። ማልሙት-ዋይትዝማን የሚባልም አለ፤ ከአንደኛው ሳይሆን ከመጨረሻው ይጀምራል፣ ቀድሞ የመውደቅ ዕድል ከቺፕ መጠን ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል ብሎ። ብዙ ሰው አይጠቀምበትም።

ለአንተ የሚጠቅመው ማሻሻያ ኤፍጂኤስ (ፊውቸር ጌም ሲሙሌሽን) የሚባለው ነው። የሚቀጥሉትን ጥቂት እጆች አስቀድሞ አጫውቶ፣ ብላይንዱን አስከፍሎ፣ ከዚያ በኋላ ነው አይሲኤምን የሚሠራው። ሆልደም ሪሶርስስ ካልኩሌተር የሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ አለ። በእጅ አይሠራም፣ ግን አቅጣጫውን በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ባለ 2,000ው በስተግራህ ነው አልከኝ። ብላይንድ በየእጁ አንድ ወንበር ወደ ግራ ስለሚዞር በሚቀጥለው እጅ ቢግ ብላይንዱ እሱ ነው። 400 ይከፍላል። ቀጥሎ ስሞል ብላይንድ ነው፤ 200። ምንም ሳይጫወት 1,400 ይቀረዋል፤ ሦስት ቢግ ብላይንድ ተኩል። አንተ ደግሞ በሚቀጥለው እጅ 200 ከፍለህ ሁለት እጅ በነፃ ታርፋለህ። ሰዓቱ ለአንተ ነው የሚሠራው። አይሲኤም ይህን አያይም፤ ኤፍጂኤስ ያያል። ስለዚህ የመጣል ዋጋህ ከ2,856 ትንሽ ከፍ ይላል። ባለ 2,000ው ብላይንዱን አሁን ከፍሎ የጨረሰ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም በተን ላይ (ከስሞል ብላይንዱ በስተቀኝ ባለው ወንበር) ቢቀመጥ፣ ይህ ጥቅም ይሳሳ ነበር።

በሌላ በኩል የሚጎትትም አለ። 12,000 ቢኖርህ ኖሮ ያ ልጅ በአንተ ላይ ያደረገውን አንተ በሁሉም ላይ ታደርግ ነበር። ሌሎቹ ሽልማቱን ፈርተው ሲጥሉ በየእጁ 600 ትለቅማለህ። አይሲኤም ይህንንም አያይም፤ የማሸነፍን ዋጋ ትንሽ ያሳንሰዋል። ሁለቱ ማሻሻያዎች በተለያየ አቅጣጫ ነው የሚጎትቱት። ብዙውን ጊዜ የሚያንቀሳቅሱት ጥቂት ነጥብ ነው። ጥንድ ስምንት ይዘህ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይጦዝ ነበር፤ 69 እና 70.6 መሀል ማንኛውም ነገር ይፈርዳል። ለኤስ-ኪንግ ግን አምስት ነጥብ የሚሸፍን ነገር አይታየኝም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ ይህንን ያዝ። በቺፕ ስሌትና በብር ስሌት መሀል ያለው ርቀት ያንተ እጅ ላይ 24 ነጥብ ነበር፤ 46.7 እና 70.6። በረቀቁት ሞዴሎች መሀል ያለው ርቀት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሰዎች በአይሲኤምና በኤፍጂኤስ መሀል ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ አያለሁ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቺፕ ቆጥረው ይገባሉ።

የሽልማቱ አከፋፈል ሲቀየርም ሁሉም ነገር ይቀየራል። 10,000 ብሩ በሙሉ ለአንደኛ ብቻ ቢሆን፣ ወይም አንድ ሙክት ገዝታችሁ አሸናፊው ብቻ የሚወስደው ቢሆን፣ አይሲኤምና ቺፕ አንድ መልስ ይሰጣሉ። የሙክቱ ዋጋ ሲባዛ በቺፕ ድርሻህ፣ በቃ። 46.7 በቂ ነው፤ ኤስ-ኪንግህን ይዘህ ካልገባህ ያኔ እኔም እስቅብሃለሁ። በተቃራኒው ለሦስቱም እኩል ሽልማት ቢሆን መውጣትን መፍራት ይብሳል። አንደኛና ሦስተኛ አንድ ስለሆኑ ተጨማሪ ቺፕ የሚገዛው ጥቂት ነው። እንዲህ ባለ ውድድር ጥንድ ኤስ መጣል ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አፑን ስትከፍት መጀመሪያ ሽልማት የሚሞላበት ቦታ እንዳለው እይ። ከሌለው የሚቆጥረው ቺፕ ነው፤ ሁለት ሰው ሲቀር ወይም ሽልማቱ አንድ ሲሆን ብቻ ተጠቀምበት። ካለው የሁሉንም ቺፕ፣ ሦስቱን ሽልማቶችና የተቀመጣችሁበትን ተራ አስገባ። ጨዋታው መሀል ስልክ ማውጣት ነውር ከሆነ ግን ሌላ ጊዜ ቤትህ ሆነህ ጥቂት ሁኔታዎችን አስልተህ መልመድ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ እስካሁን ያወራነው ሲመጣብህ ነው። ባለ 8,000ው አንተ ብትሆንና ልጆቹ ላይ ኦል-ኢን ልትል ብታስብስ? ከላይ ያየነው የብር ናሽ ሚዛን «ሰባት-ሁለትም ይሆናል» ይልሃል። አትቸኩል። ያ የሚሠራው ቢግ ብላይንዱ ላይ ያለው ሰው እንዳንተ ኤስ-ኪንግ የሚጥል ከሆነ ነው። የእናንተ ቤት ደግሞ የሚስቅ ቤት ነው። በዚያው ሁኔታ ላይ ሳሰላው፣ የሚገባብህ ሰው ከ10 እጅ አንዴ ያህል ከገባ ሰባት-ሁለት ይዞ ኦል-ኢን ማለት ኪሳራ ይሆናል። ጓደኞችህ ከዚያ በላይ እንደሚገቡ ከሳቃቸው ያስታውቃል። ስለዚህ እነሱ ላይ ስትገፋ ደህና ካርታ ያዝ። ይህን ጽሑፍ ካነበቡት ደግሞ ስሌቱ ይገለበጣል፤ ያኔ ሰባት-ሁለትም ይበቃሃል።